ከተፋቀ ብሎክ በኋላ የፒስተንን ከፍታ መለካት
ቃሊቲ አካባቢ ካለ ቶርኖ ቤት ገጹ ተፍቆ በመጣ የሞተር ብሎክ ላይ የቀድሞውን ውፍረት ያለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት የፒስተኑን ከፍታ ሳይለኩ መግጠም አይገባም፤ ብሎኩ በተፋቀ መጠን ፒስተኑ ከገጹ በላይ ስለሚወጣ ከቫልቭ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን የከፍታ ልዩነት የሚያነበውን መለኪያ) በጸዳው የብሎክ ገጽ ላይ ዜሮ ካደረጉ በኋላ ጫፉን በፒስተኑ አናት ላይ አሳርፈው፣ ክራንክ ሻፍቱን በዝግታ እያዞሩ ንባቡ ሊመለስ ሲል የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ይመዝግቡ። ልኬቱ በፒስተን ፒኑ (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው ፒን) መስመር ላይ ይሁን፤ ከዚያ ውጭ ፒስተኑ ስለሚያዘነብል ንባቡ ያሳስታል።

ሁሉም ሲሊንደሮች ይለኩ። የጋስኬቱ ውፍረት በላዩ ባሉ ምልክት ቀዳዳዎች ይታወቃል፤ ቀዳዳው ሲበዛ ጋስኬቱ ይወፍራል። ለምሳሌ በቮልስዋገን 1.9 ቲዲአይ የናፍጣ ሞተር ከፍተኛው ንባብ ከ0.91 እስከ 1.00 ሚሊሜትር ከሆነ ባለ አንድ ቀዳዳ፣ እስከ 1.10 ባለ ሁለት፣ እስከ 1.20 ባለ ሦስት ቀዳዳ ጋስኬት ይገጠማል። ለጥንቃቄ ብሎ ወፍራሙን መምረጥ ግን ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የአየሩን መታመቅ) ስለሚቀንስ፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ለመነሳት ይቸገራል።