አዲሱ ሪቮልቨር አልዞር ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ሌሊት ሱቅ የሚያድሩ ወዳጆቼ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚሞላ ሽጉጥ ይመርጣሉ። «ካዝና የለው፣ ምኑ ይነክሳል?» ይላሉ። ይነክሳል እንጂ! የእኔ በተገዛ በሳምንቱ፣ መተኮሻ ቦታ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሞላሁት ሲሊንደሩ (ከበሮው) ግማሽ ዞሮ ቀጥ አለ።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔው ነው፤ ምላጩን በጉልበት ሳብኩት። አይደረግም። አፈሙዙ ከዒላማው ሳይነሳ ጣትን ማውጣት፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ ጥይቱን ማራገፍ ነው። አልከፈት ካለ የቦታውን ተቆጣጣሪ ጥሩ። የእኔ ሲከፈት ጥፋተኛዋ ተገኘች፦ ቀለህ በሚያወጣው ኮከብ ሥር የተሸጎጠች፣ ከጤፍ ቅንጣት የማትተልቅ ያልተቃጠለች ባሩድ። ኮከቡ በሷ ምክንያት በትክክል አልተቀመጠም፤ የቀለሆቹ ቂጥ ከኋላው ብረት ጋር ይፋተጋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘይት አፈሰስኩበት፤ ሁለተኛው ስህተት። ዘይት ባሩድ ይሰበስባል፣ ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር ውስጥም ገብቶ ጥይት ያከሽፋል። ከኮከቡ ሥር ደረቅ ይሁን።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሲከሽፍ ቶሎ ደግሞ መሳብ ነው። ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ሪቮልቨር ላይ ደግሞ ምላጩን ስትደግሙ ያ ጥይት ከአፈሙዙ መስመር ወጥቶ ወደ ጎን ይዞራል፤ እዚያ ቢፈነዳ እርሳሱ መውጫ የለውም። ወደ ዒላማው እንዳነጣጠራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ እንደ ሌላው ካልጮኸ፣ «ጱፍ» ብቻ ካለ፣ ጭራሽ አትቀጥሉ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ይቀደዋል። አራግፉና ውስጡን እዩ።

ሲሊንደሩ ለመክፈት ካስቸገረ የቀለህ ማውጫውን ዘንግ ፈትሹ፤ ላልቶ ረዝሞ ይሆናል። ስህተቱ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሚባለው ፋብሪካ ዘመናዊ ሪቮልቨሮች ጥርሱ የግራ ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዞሩት ይብሱን ይፈታል። ስታጠብቁ ባዶ ቀለሆች ክተቱበት፣ ኮከቡ እንዳይጣመም።

ምላጭ ይቅለል ብሎ መያዣው ፊት ያለችውን ብሎን ማላላትም አለ። መምቻው አቅም ያጣል፣ ፕራይመሩን ጭረት ብቻ አድርጎበት ይመለሳል። እንደ ፊልም በእጅ ወርውሮ መዝጋትም ሲሊንደሩን የተሸከመውን ክንድ ያጣምማል።

የጎን ክዳኑን በዊንዲቨር ፈልቅቆ መክፈት? ጠርዙ ይበላል፣ ዋስትናውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ሌላ ዓይነት ጥይት ሞክሩ፤ ፕራይመሩ ወጣ ያለ ጥይት ብቻውን ሲሊንደር ያቆማል። ካልሆነ ፋብሪካው ጋ ደውሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ባለቤቱ ለጥገና በቀጥታ ወደ ፋብሪካው እንዲልክ፣ ፋብሪካውም በቀጥታ እንዲመልስለት ይፈቅዳል። አጓጓዦቹ ግን የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የመላኪያ ወረቀቱን ከፋብሪካው ጠይቁ። ሳጥኑ ውስጥ አንድም ጥይት አይቅር።