ሂሳቡ ሲመጣ፦ ውጭ አገር ቲፕ ስንት፣ እንዴት፣ ለማን?

አዲስ አበባ ደህና ሆቴል ውስጥ የበላ ሰው፣ ሜኑው ላይ 500 ብር የተባለ ምግብ ሂሳቡ ሲመጣ 632 ብር ከ50 እንደሚሆን ያውቀዋል። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ 550 ይሆናል፤ 15 በመቶው ቫት ደግሞ የሚሰላው በ550ው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ለአስተናጋጁ መተው አለመተው የበላተኛው ፈቃድ ነው። ውጭ አገር ይህ ስሌት ከቦታ ቦታ ስለሚገለባበጥ፣ «ስንት ቲፕ ልስጥ?» ከማለት በፊት «ቲፑ ሂሳቡ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ማለት ይቀድማል።

ሂሳቡን ሲቀበሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ትተው ከሱ በላይ ያሉትን መስመሮች ያንብቡ። «ሰብቶታል» የምግቡና የመጠጡ ዋጋ ነው፤ «ታክስ» የመንግሥት ነው። ከሁለቱ ውጭ ሌላ መስመር ካለ እዚያ ላይ ይቁሙ። «ግራቱዊቲ» የሚል ከሆነ ቲፑ ተቆርጧል ማለት ነው። «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ከሆነ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ በየአገሩ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ክፍያው በዝርዝር አይታይም፤ ሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ካላገኙት አስተናጋጁን ይጠይቁ፣ ነውር የለውም።

አሜሪካ

በሕግ ግዴታ ሳይሆን በልማድ ግዴታ የሆነው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ደመወዙ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። እስከ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ እስከ 7.25 ዶላር ያለውን ክፍተት የሚሞላው የበላተኛው ቲፕ ነው፤ ካልሞላ አሠሪው ማሟላት አለበት። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ክፍለ ግዛቶች ዝቅ ያለውን ደመወዝ ባይፈቅዱም ልማዱ እዚያም ያው ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ስለሆነም አይቀርም። ጎረድ ጎረድ ያቀረበችልዎ ልጅ የምትተዳደረው በዚያው ሕግ ነው።

ተቀምጠው ከተስተናገዱ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይስጡ። ባር ላይ ለአንድ መጠጥ 1 ወይም 2 ዶላር ይበቃል። ቆመው አዘው ይዘው ለሚሄዱት ቡና ምንም ባይሰጡ የሚቀየም የለም።

ስሌቱ የሚሠራው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የ60 ዶላር ምግብ በሉ እንበል። የሬስቶራንት ታክሱ 10 በመቶ ስለሆነ 6 ዶላር ይመጣል፤ 20 በመቶ ቲፕ 12 ዶላር ነው፤ በድምሩ 78። ስለዚህ ዲሲ ውስጥ አቋራጩ ቀላል ነው፣ ታክሱን እጥፍ ማድረግ። ድንበሩን ተሻግረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገቡ ግን ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ እጥፉ 12 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ እዚያ በሦስት ያባዙ፣ 18 በመቶ ይመጣል። ኒው ዮርክ ከተማ ታክሱ 8.875 በመቶ ነው፣ እጥፉ ለ18 በመቶ ትንሽ ይጎድለዋል።

አሁን ወደሚያምታታው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የዲሲ መራጮች ዝቅተኛው የአስተናጋጅ ደመወዝ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ድምፅ ሰጡ። የከተማው ምክር ቤት በ2025 ሕጉን ቢያላላውም፣ በመሃሉ ብዙ ሬስቶራንቶች ሰርቪስ ቻርጅ መጨመር ጀምረዋል። አንዱ ጋ 3 ወይም 5 በመቶ ነው፣ ሌላው ጋ 20። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሰርቪስ ቻርጅ የሬስቶራንቱ ገቢ ነው፤ ባለቤቱ ለሠራተኛ ሊያካፍለው ወይም ላያካፍለው ይችላል። ቲፕ ግን የሠራተኛው ነው፣ አሠሪው ሊይዘው አይፈቀድለትም። 20 በመቶ ተጨምሮ ካዩ «ይሄ ለእናንተ ነው የሚደርሰው?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ካሉዎት በቂ ነው፣ ሌላ አይጨምሩ። 3 ወይም 5 በመቶው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ወጪ ለመሸፈን ነው፤ እሱን የቲፕ ምትክ አድርጎ መቁጠር አስተናጋጁን መበደል ይመስለናል።

ስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ሆነው ከተቀመጡ 18 ወይም 20 በመቶ በራሱ የሚጨመርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እኛ ደግሞ ተሰብስበን መብላት እንወዳለን። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ተብሎ ሲጓተቱ ሂሳቡን የነጠቀው ሰው ብዙ ጊዜ ሳያነበው ነው የሚፈርመው፤ ወረቀቱ ላይ የቲፕ ቦታ ባዶውን ስለሚመጣም ሁለተኛ ቲፕ ይጽፍበታል።

በካርድ ሲከፍሉ የሚደረገው እንዲህ ነው። አስተናጋጁ ካርዱን ይወስድና የምግቡን ዋጋ ይዞ ሁለት ወረቀት ያመጣል፣ አንዱ የቤቱ ነው፣ አንዱ የእርስዎ። በቤቱ ወረቀት «ቲፕ» ከሚለው ፊት ገንዘቡን፣ «ቶታል» ከሚለው ፊት ድምሩን ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ትተውት ይነሳሉ። በጥሬ ገንዘብ መስጠት ከፈለጉ የቲፕ መስመሩን ባዶ አይተዉ፤ ሰረዝ አድርገው ድምሩን ራስዎ ይጻፉ። ድምሩን ተሳስተው ከጻፉ ቤቱ የትኛውን ቁጥር እንደሚያስከፍልዎ እርግጠኛ መሆን አይችሉም። ባንክዎ መጀመሪያ የሚያሳየው ቲፕ የሌለበትን መጠን ሊሆን ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ከፍ ቢል ማጭበርበር እንዳይመስልዎ፣ ቲፑ መግባቱ ነው። የእርስዎን ወረቀት እስከዚያ አይጣሉ።

አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ የያዘ መንገደኛ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ሬስቶራንት ውስጥ ቲፕ ይመጣል ተብሎ ከዋጋው እስከ 20 በመቶ በላይ ሊያዝ ስለሚችል፣ 60 ዶላር ያለው ካርድ ለ60 ዶላር ምግብ «አይሠራም» ይባላል። ህዳግ ይተዉለት።

ስክሪን ከተዘረጋልዎ ደግሞ 18፣ 20፣ 25 የሚሉት ቁልፎች ብዙ ጊዜ ታክሱን ጭምር ነው የሚያሰሉት። «ከስተም» የሚለውን ነክተው የሚፈልጉትን መጠን ማስገባት ይቻላል።

እስራኤል

ዋጋው ላይ 18 በመቶ ታክስ ተካቷል፤ ቲፑ ግን አልተካተተም። የተለመደው 12 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ ይዋዥቃል። እዚህ ወጥመዱ ካርዱ ነው። በብዙ ቤቶች ካርዱ ከተሳበ በኋላ ቲፕ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ካርዱን ሲሰጡ «ይህን ያህል ጨምርበት» ይበሉ፣ አለዚያ ሰቅል በጥሬው ይያዙ።

ዱባይ

የሆቴል ሬስቶራንት ውስጥ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና 5 በመቶ ቫት ይታሰባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ ተካተው ከሜኑው ግርጌ ይዘረዘራሉ። ቲፕ ግዴታ አይደለም። አስተናጋጁን ማመስገን ከፈለጉ ከ5 እስከ 10 ድርሃም በእጁ ይስጡት፤ ሂሳብ ላይ ከሚጨመረው ይልቅ እጁ መግባቱ እርግጥ የሆነው ይሄኛው ነው።

አውሮፓ

ለንደን ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሂሳቡ ላይ ተጨምሮ ይመጣል፤ «ዲስክሪሽነሪ» ከተባለ በፈቃድ ነው፣ መስተንግዶው ካላስደሰተዎት «አውጡልኝ» ማለት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ አሠሪው ገንዘቡን ሳይቀንስ ለሠራተኞቹ እንዲያካፍል ስለሚያስገድድ፣ እሱን ከከፈሉ በላዩ ላይ መጨመር አያስፈልግም። ፈረንሳይ አገልግሎቱ በሕግ ዋጋው ውስጥ ነው፤ አንድ ሁለት ዩሮ መተው ጨዋነት ነው እንጂ ዕዳ አይደለም። ጣሊያን ሂሳቡ ላይ «ኮፐርቶ» የሚል ነገር በየሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ ሲቆጠር ያያሉ። የመቀመጫና የዳቦ ክፍያ ነው፤ ዳቦውን ባይነኩትም ይከፈላል፣ አስተናጋጁም አይደርሰውም።

ጀርመን ቲፑ ጠረጴዛ ላይ አይተውም፣ በቃል ይነገራል። ሂሳቡ 27.50 ከሆነ ገንዘቡን እየሰጡ «30» ይላሉ፤ መልሱ ከ30 ላይ ይሰላል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። 50 ዩሮ ሰጥተው «ዳንከ» ካሉ ግን መልሱን ያዘው ያሉት ሊመስለው ይችላል፤ ምስጋናውን መልስዎን ከተቀበሉ በኋላ ያድርጉት።

ሩቅ ምሥራቅ

ጃፓን ቲፕ የለም። ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ቢተዉ ረስተው ነው ብሎ አስተናጋጁ እየሮጠ ይመልስልዎታል። ኢዛካያ በሚባሉት መጠጥ ቤቶች ሳያዙት የምትቀርብ ትንሽ ሳህን ግን በየሰው ከ300 እስከ 500 የን ትቆጠራለች፤ የመቀመጫው ዋጋ ናት። ሲንጋፖር ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካዩ እንደ አዲስ አበባው ያስሉ፦ 100 ዶላር ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በ110ሩ ላይ 9 በመቶ ታክስ፣ 119.90። ከዚያ በላይ ማንም አይጠብቅም።

የትኛውም አገር የካርድ ማሽኑ «በአገሩ ገንዘብ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?» ብሎ ከጠየቀዎት የአገሩን ይምረጡ። በካርድዎ ገንዘብ ካሉ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ድርጅት ነው፤ የራሱን ትርፍ ስለሚጨምርበት ከቲፑ ያላነሰ ገንዘብ ሳይታወቅዎ ሊሄድ ይችላል።