ቱቦው ከወጣ በኋላ ትንፋሽ ሲከብድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በጽኑ ሕሙማን ክፍል በራሳቸው የመተንፈስ ሙከራን አልፈው ከመተንፈሻ ማሽን (ቬንትሌተር) ጋር የሚያገናኛቸው የጉሮሮ ቱቦ ከወጣላቸው 10 ታካሚዎች አንዱ ወይም ሁለቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይገባላቸዋል። ቱቦው የሚመለስባቸው ታካሚዎች ክፍሉ ውስጥ ረዥም ጊዜ ይተኛሉ፤ ከመካከላቸው የሚሞተውም ይበዛል። መንስኤውን ሳይፈልጉ ኦክስጅን ብቻ እየጨመሩ መጠበቅ ታካሚውን ይጎዳል።

ምልክት፦ አየር ሲስብ ጉሮሮው ያፏጫል
ይህ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ቱቦው ሲጫነው የቆየው ማንቁርት አብጧል ማለት ነው። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ አድሬናሊን በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን አትንኖ በሚያስተነፍስ መሣሪያ)፣ ዴክሳሜታዞን በደም ሥር መስጠት። አድሬናሊን ቶሎ ያሽላል፣ ነገር ግን ኃይሉ ያልቃል፤ ድምፁ ጠፋ ብሎ ከአልጋው መራቅ አደገኛ ነው። ቱቦው መመለስ ካለበት ቀጠን ያለውን አዘጋጅቶ ልምድ ያለውን ባለሙያ መጥራት ይገባል። አስቀድሞ ለመለየት የቱቦውን ካፍ (ጫፉ አካባቢ ያለችውን ፊኛ) አየር አስወጥቶ በየትንፋሹ በቱቦው ዙሪያ የሚያፈተልከውን አየር መለካት ይቻላል፤ ከ110 ሚሊ ሊትር ካነሰ ስቴሮይድ (እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ቱቦው ከመውጣቱ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ መጀመር።

ምልክት፦ አክታው ጉሮሮው ላይ ይሰማል፣ ሳሉ ግን አያወጣውም
ጡንቻው ደክሟል፣ ወይም ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም። በየሁለት ሰዓቱ ወይም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሰክሽን (አክታውን በመሣሪያ መምጠጥ) የሚፈልግ ታካሚ ከመጀመሪያውም ያሰጋል። ነጭ ካርድ ከቱቦው አፍ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር አርቆ "ሳል" ማለት ቀላል ፈተና ነው፤ ከሦስት አራት ሙከራ በኋላ ካርዱ ካልረጠበ ሳሉ ደካማ ነው። ቱቦው ከወጣ በኋላ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የደረት ፊዚዮቴራፒ፣ ሰክሽን። አስታማሚ አጠገቡ ሆኖ "እስቲ ሳል፣ በርታ" ቢለው በጣም ይጠቅማል፤ የሚያውቀው ድምፅ ነውና።

ምልክት፦ ደም ግፊቱ ወጣ፣ ሳንባው ውሃ ያዘ
ቬንትሌተሩ ደረት ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ልብን ያግዝ ነበር፤ ሲነሳ የደከመ ልብ ሸክሙን አይችለውም። ፉሮሴማይድ (ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት)፣ ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት፣ ባይፓፕ (በጭንብል አየር እየገፋ ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን)። ባለፉት ቀናት የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ ሳይደምሩ ቱቦ ማውጣት ይህን ይጋብዛል።

ምልክት፦ እያንቀላፋ ነው
ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ካለበት። እንዲህ ላለው ሰው ባይፓፕ የሚጠቅመው ቱቦው እንደወጣ ወዲያው ሲጀመር ነው። ከደከመ በኋላ ጊዜ ለመግዛት መሞከር ሌላ ነገር ነው፦ በ8 አገሮች ተካሂዶ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ትንፋሽ ከከበዳቸው በኋላ በጭንብል ትንፋሻቸው የታገዘ ታካሚዎች ቱቦው የተመለሰላቸው በመካከለኛ ግምት (ሚዲያን) ከ12 ሰዓት በኋላ ነበር፤ በጭንብል ላልታገዙት ግን ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ። በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ከመጀመሪያዎቹ 25 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 14 በመቶ ሞተዋል።

ስለዚህ በደቂቃ ከ35 ጊዜ በላይ እየተነፈሰ፣ ሆዱና ደረቱ ተቃራኒ እየሄዱ፣ ንቃቱ እየቀነሰ ከሆነ ቱቦውን መመለስ ነው። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገርና ቱቦውን ለመመለስ የሚያስፈልገውን ዕቃ አልጋው አጠገብ ማኖር ቱቦው በሚወጣበት ጠዋት የሚሠራ ሥራ ነው።