መዳቡን ከፕላስቲኩ ያለ እሳት ሲያጋጥሙ፦ ውሃው ከየት ያንጠባጥባል?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ካሉ የቆዩ ቤቶች ምድር ቤት ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የመዳብ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ሲበሳ የተበላሸውን ቆርጦ ፔክስ በሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ መቀጠል ይቻላል። እሳት ለኩሶ መበየድ የማይፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ተገፍቶ የሚገባ ፊቲንግ (መጋጠሚያ) ወይም በዳዶ የሚጠብቅ የናስ ፊቲንግ። ካንጠባጠበ የሚረገመው ፊቲንጉ ነው። እኔ ካየኋቸው ግን አብዛኞቹ ጥፋታቸው የመዳቡ ጫፍ ላይ ነበር።

ፊቲንጉ አልገባ ይላል

ልኩ ተሳስቷል ማለት ነው። አገር ቤት የቧንቧ ሥራ የለመደ ሰው በተለይ እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የአሜሪካ መዳብ በውጭ ሲለካ 15.9 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው የጋልቫናይዝድ ብረት ግን 21.3 ሚሊሜትር። በስም አንድ ናቸው፣ በአካል አይገናኙም። የአውሮፓው መዳብ ደግሞ 15 ሚሊሜትር ስለሆነ ልዩነቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። በሻንጣ የመጣ የአውሮፓ ፊቲንግ በመዶሻ ለማስገባት የታገለ ሰው አይቻለሁ፤ መዶሻ ልክ አይቀይርም። የአሜሪካው ፔክስ በመዳቡ የውጭ ልክ የተሠራ ስለሆነ፣ ለሁለቱም እንደሚሆን የተጻፈበት አንድ ፊቲንግ ይበቃል።

ተገፍቶ የገባው ፊቲንግ ጠብ ጠብ ይላል

በውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ ቧንቧውን ነክሶ የሚይዝ ጥርሳም የብረት ቀለበትና ውሃውን የሚያግድ የጎማ ቀለበት። ጥርሱ ጠንካራ ነው፤ ጎማው ግን ስስ ነው። በመጋዝ የተቆረጠ መዳብ ጫፉ ላይ እንደ ምላጭ የሰላ ሻካራ ጠርዝ ይተዋል፤ ያ ጫፍ ሲገፋ ጎማውን ቆርጦት ያልፋል። ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ ሦስት ፊቲንግ በተከታታይ ገዝተው ሦስቱም አንጠባጠቡባቸው። ሱቁን ሲያማርሩ የቧንቧውን ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጣቴን ቧጨረኝ።

መፍትሄው፦ ጫፉን በዙሪያው እየተሽከረከረ በሚቆርጥ የቧንቧ መቁረጫ ቀጥ አድርገው እንደገና ይቁረጡ፤ የውጭውን ጠርዝ በጥሩ ሞረድ ያለስልሱ፤ ቀለም ወይም የድሮ ብየዳ ቅሪት ካለበት ንጹሑ መዳብ እስኪገኝ ወደኋላ ይሂዱ። በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ርዝመቱን ተከትለው አይፈትጉት፤ እያንዳንዱ ጭረት ለውሃው መንገድ ነው። ከዚያ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ግማሽ ኢንች ቧንቧ አንድ ኢንች ያህል መግባት አለበት። ምልክቱ ከፊቲንጉ ውጭ ርቆ ከታየ አልገባም ማለት ነው። ቀጥሎም የተቆረጠውን የጎማ ቀለበት ለማዳን አይድከሙ፣ አዲስ ይግዙ።

ከገባ በኋላ ቧንቧው ላይ መሽከርከሩ ግን ጤናማ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጥና ነቅሎ ያበላሸዋል።

የዳዶው ፊቲንግ ባጠበቁት ቁጥር ይብሳል

ውሃውን የሚያግደው የዳዶው ጥርስ ሳይሆን በውስጡ ያለችው ትንሽ የናስ ቀለበት ናት። የቴፍሎን ቴፕ በጥርሱ ላይ መጠቅለል እዚህ ጥቅም የለውም። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ቀለበቷ መዳቡን ትጨፈልቀዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢያጠብቁ አይያዝም። በእጅ እስከሚሄድበት ያጥብቁ፣ በቁልፍ አንድ ዙር ያህል ይጨምሩ፣ ውሃውን ከፍተው ይዩ፤ ካንጠባጠበ በሩብ ዙር ብቻ ይቀጥሉ። ቀለበቷ ከተዛባች ያንን የመዳብ ጫፍ ቆርጦ በአዲስ ቀለበት መጀመር ነው።

ፕላስቲኩ ተነቅሎ ወጣ

ይህ ምድር ቤቱን የሚያጥለቀልቀው ነው። ፔክስ ለስላሳ ስለሆነ በዳዶ ፊቲንግ ሲያዝ ጫፉ ውስጥ ደጋፊ ቱቦ ሊገባለት ይገባል፤ ያለ እሱ ቀለበቷ ስትጫነው ይሸሻል። ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። ፔክስ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይችላል ቢባልም በቀጥታ ከውሃ ማሞቂያው ጋር አይታሰርም፤ መጀመሪያ 45 ሴንቲሜትር ያህል መዳብ ወይም ሌላ ብረት ይሂድና ከዚያ ፕላስቲኩ ይጀምር። የቤቱ የውሃ ግፊት ከ80 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) በላይ ከሆነም መጀመሪያ የግፊት መቀነሻ ይታሰርለት።

ቧንቧው ደረቅ ነው፣ ስነካው ግን ነዘረኝ

ይህን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። በብዙ የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመር (ኧርዝ) የሚያልፈው በመዳቡ ቧንቧ ነው። መካከሉን ቆርጠው ፕላስቲክ ሲያስገቡ መስመሩን በጠሱት ማለት ነው። ከነዘረ ዳግመኛ አይንኩት፤ ወዲያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ሁለቱን የመዳብ ጫፎች በወፍራም ሽቦ ማገናኘት ይበቃ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ከተቻለ ደግሞ ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዋናውን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠቅልለው ይደሩ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ጠዋት ያሳይዎታል፤ ግድግዳውን ከዚያ በፊት አይድፈኑት።