ለሥራ ፖላንድ ሲቆዩ ከተሞቹን እንዴት እንደሚያዩ

ለሥራ ሄዶ ወራት የሚቆይ ሰው ጎብኚ የማያገኘው ሀብት አለው፤ ቅዳሜና እሑዶቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ከተማ በአንድ ቀን አይደርቡ። ቅደም ተከተሉ ግን ልዩነት ያመጣል፤ እኔ ዋርሶን አስቀድማለሁ።

1. ከዋርሶ ንጉሣዊ ቤተ መንግሥት ይጀምሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤርናርዶ ቤሎቶ የሣላቸው የከተማይቱ ሥዕሎች እዚያ ተሰቅለዋል። አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ወደ አሮጌው ከተማ ይውጡ። ጥንታዊ የሚመስለውን ሰፈር ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1944 አውድመውት ነበር፤ ዳግም ሲገነባ እነዚያ ሥዕሎች እንደ ፕላን አገልግለዋል። ይህን ሳያውቁ ያለፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ብሔራዊ ሙዚየሙንም አይለፉ። የአስዋን ግድብ ውሃ ሳይውጣቸው የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች በ1960ዎቹ ከሱዳን ፋራስ ካዳኗቸው የካቴድራል ሥዕሎች ከፊሎቹ እዚያ ናቸው። ዓይናቸው የሰፋ ቅዱሳን፣ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ ያደረገች ቅድስት ሐና። በሀገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሥር ያደገ ሰው ቶሎ አይወጣም።

2. ትራም ሲሳፈሩ የወረቀት ትኬትዎን ወዲያውኑ በማሽኑ ያስመቱ፤ ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል። አብዛኞቹ ሱቆች በአብዛኛው እሑድ ዝግ ስለሆኑ አስቤዛውን ቅዳሜ ይጨርሱ።

3. ቀጥሎ ክራኮው። በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በ1257 የተቀየሰው አደባባይ በየአቅጣጫው 200 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ሥር ይቁሙ፤ መለከቱ ተነፍቶ ዜማው በመካከል ይቆረጣል። ጉሮሮው በቀስት የተወጋ ጠባቂ መታሰቢያ ነው ይባላል።

4. ምሳዎን «ባር ምሌችኒ» በሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች ይብሉ። ራይ ከሚባል እህል በተቦካ ዱቄት የሚሠራውን ዡሬክ ሾርባ ይዘዙ፤ ኮምጣጣነቱ እርሾ ለለመደ ምላስ እንግዳ አይደለም።

5. ቭሮትስዋፍንና ግዳንስክን ለኋላ ያቆዩ። ቭሮትስዋፍ እስከ 1945 የጀርመን ከተማ ነበረች፤ በአንዳንድ አሮጌ ግድግዳዎች ላይ የደበዘዘ የጀርመንኛ ጽሑፍ ይፈልጉ።

6. ኖቬምበር 1 ቀን፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ከደረሰብዎት ሌላ ጉዞ አይያዙ፤ ሁሉም ወደ መቃብር ይሄዳል። ዋርሶ ውስጥ ወደ ፖቮንዝኪ ወታደራዊ መካነ መቃብር በምሽት ይሂዱ። ዋርሶ በናዚዎች ላይ ባነሣችው የ1944ቱ አመፅ የወደቁ ወጣቶች ከበርች እንጨት በተሠሩ መስቀሎች ሥር ተኝተዋል። ከበሩ ላይ በብርጭቆ ያለ ሻማ ገዝተው፣ ብርሃን ባነሰበት መቃብር ላይ ያብሩ።