ካሜራውን ማን ያዘው? ጥሩ የዱር ፕሮግራምና ጥሩ አቅራቢ እንዴት ይለያሉ

የእህቴ ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ምሽት አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። አቅራቢው በረሃ ላይ ብቻውን እንደቀረ፣ ውሃውም እንዳለቀበት እየተናገረ ገደል ይወርዳል። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ብቻውን ከሆነ ካሜራውን ማን ያዘው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በዱር ከሞት ለመትረፍ የሚታገልባቸውን ፕሮግራሞች ያንን ጥያቄ ይዤ ነው የማያቸው። እወዳቸዋለሁ፤ በቀዝቃዛ ሌሊት እሳት ስታቀጣጥል የምትታይ ሴት፣ በባዶ ሆዱ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ያስቀምጡኛል። ነገር ግን ልጆች ያዩትን እንደ ትምህርት ይይዙታል፤ ስለዚህ የምንመርጥላቸውን ማወቅ አለብን። አንድ ክፍል ስትከፍቱ የሚከተሉትን በተራ ተመልከቱ።

1. ከሁሉ በፊት ካሜራውን ፈልጉ

ካናዳዊው ሌስ ስትራውድ «ሰርቫይቨርማን» በተባለው ፕሮግራሙ የሚቀርጸው ራሱን በራሱ ነው። ካሜራዎቹን ተሸክሞ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሰባት ቀን ያህል ብቻውን ይቆያል። አንድ ትዕይንት በቅርበት እንመልከት። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ በበረዶው ሜዳ ላይ እየራቀ፣ እያነሰ ሄዶ ከዓይን ይሰወራል። ካሜራው በማቆሚያው ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ስለዚህ ስትራውድ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይመጣል፣ ማቆሚያውን አጣጥፎ ይሸከማል፣ እንደገና ይሄዳል። እኛ አንድ ጊዜ ያየነውን መንገድ እርሱ ሦስት ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ያውም ምግብ ባልቀመሰበት ቀን። ፊቱ ገርጥቶ ንግግሩ ሲንዛዛ ድካሙን የምናምነው ለዚህ ነው።

ብሪታኒያዊው ቤር ግሪልስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በእንግሊዝ ልዩ ኃይል በተጠባባቂነት ያገለገለ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በፓራሹት ሲዘል ወድቆ ጀርባው የተሰበረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኤቨረስት ጫፍ የደረሰ ሰው ነው፤ ብርታቱ አያጠራጥርም። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ማን ቨርሰስ ዋይልድ» የተሰኘው ፕሮግራም ግን የሚሠራው ከሙሉ የቀረጻ ቡድን ጋር ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሌሊቶችን ሆቴል ማደሩ ሲወራ ጣቢያዎቹ ቡድን አብሮት እንዳለና አንዳንድ ሁኔታዎች ሆን ተብለው እንደሚዘጋጁ የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስገቡ። በእኔ እምነት ጥፋቱ ሆቴል ማደሩ አልነበረም፤ የደከመው የቀረጻ ቡድንም ማረፍ አለበት። ችግሩ ተመልካቹ መጀመሪያውኑ አለማወቁ ነው። ማሳሰቢያው ከገባ በኋላ ያንኑ ፕሮግራም በተረጋጋ ልብ ማየት ይቻላል። እንዲያውም ያንኑ ገደል ካሜራ ተሸክሞ የሚወርደውን ስሙ የማይጠራ ባለሙያ እያሰቡ ማየት ጥሩ ነው።

2. በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ

በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ። ሰው ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በከባድ ብርድ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውሃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል ይላሉ። ጥሩ አቅራቢ ሥራውን የሚሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ይረጋጋል፣ ኪሱን ገልብጦ ያለውን ይቆጥራል፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ማደሪያውን ይፈልጋል። ለመቅረጽ አሰልቺ ነው፤ እውነተኛው ሥራ ግን ይሄ ነው።

አቅራቢው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ትል ከበላ፣ ከፏፏቴ ከዘለለ፣ ቁልቁለት ከሮጠ ተጠንቀቁ። ምግብ የመጨረሻው ጭንቀት ነው። በዱር ውስጥ የተወለመ ቁርጭምጭሚት ሰውን ባለበት ያስቀራል፤ በብርድ አገር የረጠበ ልብስ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

3. እሳቱ ከየት እንደመጣ ተከታተሉ

አንድ ፕሮግራም ብቻ አይታችሁ ፍረዱ ብባል በእሳቱ እፈርዳለሁ። እንጨትን በእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣት ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ መጀመሪያ ጭስ ይመጣል፣ ቀጥሎ በታችኛው እንጨት ጎን በተቀረጸችው ስንጥቅ ውስጥ ጠቆር ያለ ዱቄት ይጠራቀማል። እጅ ካቆመ በኋላም ዱቄቱ ብቻውን መጨሱን ከቀጠለ ፍም ተወልዷል ማለት ነው። ፍሟ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። በደረቅ ሣር ጎጆ ውስጥ በጥንቃቄ ይገለብጧታል፣ ቀስ ብለው እፍ ይሏታል፤ ከበረታባት ትበተናለች፣ ካነሰባት ትጠፋለች። ብዙ ጊዜም ትጠፋለች።

መጥፎ ፕሮግራም እጁ ሲያፋትግ ያሳያችሁና ወዲያው የሚንቦገቦግ እሳት ያቀርብላችኋል። ጥሩው ግን ያልተሳካውን ሙከራ፣ የተላጠውን መዳፍ፣ እንጨቱ ለምን እንዳልሆነ ያሳያል፤ እርጥብ ነበር? በጣም ጠንካራ ነበር?

ደግሞም እሳቱ አንዴ ከተገኘ በኋላ አቅራቢው እንዴት እንደሚይዘው ተመልከቱ። በአገራችን ገጠር እናቶች ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነው ያድራሉ፤ የጠፋባትም ጎረቤት ሄዳ ትጭራለች። እሳትን በየቀኑ እንደ አዲስ መፍጠር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይህ ልማድ ራሱ ይናገራል። እሳቱን ትቶ የሚተኛ፣ በማግሥቱ ሌላ የሚያነድ አቅራቢ ክብሪት በኪሱ እንዳለ አስባለሁ።

4. ምክሩን በራሳችሁ ላይ ሞክሩት፤ በሐሳብ ብቻ

አቅራቢው ያደረገውን ልጄ ቢያደርገው ይተርፋል? ብላችሁ ጠይቁ። ግሪልስ በካሜራ ፊት ሽንቱን መጠጣቱ በሰፊው ታውቋል። ሽንት ሰውነት ያስወጣውን ጨው መልሶ ስለሚያስገባ ውሃ ላጣ ሰው አይመከርም። በረዶን እንዳለ መብላትም ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ አቅልጦ መጠጣት ይሻላል። እባብ የነደፈውን ቦታ መብጣትና መምጠጥ በፊልም የለመድነው ነገር ነው፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ሰውየውን ወደ ሕክምና ማድረስ ነው ያለብን። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ አቅራቢ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

5. መሸነፍ ይታይ እንደሆነ እዩ

በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው «አሎን» የተሰኘው የአሜሪካ ውድድር አቅራቢ የለውም ማለት ይቻላል። አሥር ሰዎች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አሥር ዕቃ መርጠው ይይዛሉ፣ ራሳቸውን ይቀርጻሉ። በቃኝ ያለ በሳተላይት ስልክ ይደውላል፤ መጨረሻ የቀረው በመጀመሪያው ዙር 500,000 ዶላር ወሰደ። ያ ዙር በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ነበር። አንዱ ተወዳዳሪ ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ድብ ፈርቶ ወጣ፤ አሸናፊው 56 ቀን ቆየ። በሰባተኛው ዙር ሮላንድ ዌልከር 100 ቀን ቆይቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ሐኪሞች እየመጡ ይመዝኗቸዋል፤ ከልክ በላይ የከሳውን እየለመነም ቢሆን ያስወጡታል።

እኔን ግን የሚይዘኝ ቁጥሩ አይደለም። ምግብ ያለው፣ መጠለያው የጠነከረ፣ ጤናው የተሟላ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ካሜራው ፊት ይቀመጥና ስለ ልጆቹ ማውራት ይጀምራል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስልኩን ያነሳል። ብቸኝነት ከረሃብ እኩል እንደሚጥል ያን ጊዜ ይገባችኋል። ይህንን ቆርጦ የማይጥል አዘጋጅ ሥራውን ያውቃል።

6. የአገሩ ሰው የት አለ?

ዱር የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ የአንድ ሕዝብ መኖሪያ ነው። ብሪታኒያዊው ሬይ ሚርስ በአውስትራሊያም ሆነ በአፍሪካ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ከአገሬው ሰዎች ሲማር የሚታይ አቅራቢ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ ያስተማረውን ሰው በስም ያመሰግናል። ከሁሉም አቅራቢዎች እርሱን የማስቀድመው ለዚህ ነው። አንድ የውጭ ቡድን ነገ ደናክል ቢመጣ ብዬ አስባለሁ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰውን የሚያቆየው ትልቁ ዕውቀት የአፋሮች ዳጉ ነው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውሃና ሣር የት እንዳለ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ቦታውን «ሰው የማይኖርበት ሲኦል» ብሎ የሚያቀርብ ፕሮግራም ዋናውን ትምህርት አልፎታል።

7. ከልጆች ጋር ስታዩ አቁማችሁ ጠይቁ

ፕሮግራሙን መሐል ላይ አቁሙትና «አንተ ብትሆን አሁን ምን ታደርጋለህ?» በሉ። አብዛኞቹ ልጆች «እሮጣለሁ» ይላሉ። በአሜሪካ ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ከጠፋህ አንድ ዛፍ አቅፈህ እዚያው ቆይ የሚል ነው፤ የቆመን ልጅ ማግኘት ይቀላልና። እኔ ለእህቴ ልጅ ፊሽካ ገዝቼ በገመድ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ሦስት ጊዜ መንፋት፣ ማረፍ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ፤ በብዙ አገር የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። እንጦጦ ስንወጣ ከዛፎቹ ኋላ ተደብቆ ይነፋል፤ ድምፁን ተከትዬ እሄዳለሁ፣ ዛፉን አቅፎ አገኘዋለሁ።