ስልክ ከመሸጥ፣ ከመስጠት ወይም ከመመለስ በፊት ዳታ ማጥፋት፦ ችግርና መፍትሄ

ሪሴት (ስልኩን አጽድቶ እንደ አዲስ ማስነሳት) የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ባክአፕም (የፎቶና የፋይል ቅጂ) ይዛችኋል ብዬ ልጀምር። ደሴ ፒያሳ ቀፎ ስጠግን የማየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። "ወላሂ አጥፍቼዋለሁ!" ይሉኛል፤ ስከፍተው አልጠፋም፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

ሪሴት ሆኖ ሲነሳ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል

ከአስር ሰው ዘጠኙ የሚመጣው በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ምክንያቱ ጂሜይሉ ሳይወጣ ስልኩ በፓወርና በቮልዩም ቁልፍ ሃርድ ሪሴት መደረጉ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ (2015 እ.ኤ.አ.) እንዲህ ሲደረግ ስልኩ የቀድሞውን የጎግል አካውንት ካላገኘ አያስገባም። ለሌባ የተሠራ ቁልፍ ነው፤ ሱቄ የሚያመጣው ግን ባለቤቱን ነው።

ወሎ ውስጥ ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ጅዳ ያለች እህት ለወንድሟ ስልክ ትልካለች። ፎቶውን አጥፍታለች፣ ኢሞውን አውጥታለች፣ ጂሜይሉ ግን እንዳለ ነው። ልጁ ፓተርኑን አያውቅም። ከመጠየቅ ይልቅ ጓደኛው ሃርድ ሪሴት ያደርግለታል። ከዚያ ወደ እኔ።

"የእህትህ ጂሜይል ማነው?"

"ኧረ ጂሜይል የላትም!"

ስንደውልላት እውነትም አታውቀውም። ስልኩን የሸጠላት ሱቅ ነው ከፍቶ ያስገባላት። የእኛም ቀፎ ሻጮች ያው ናቸው፤ ፕሌይስቶር ይሥራ እንጂ ብለው አካውንት ይከፍታሉ፣ ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት እንኳ ጽፈው አይሰጡም። ይሄ ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ስክሪኑን በደንብ አንብቡ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ በጂሜይሉ ፋንታ የቀድሞውን ፒን ወይም ፓተርን አስገቡ የሚል አማራጭ አለ። እህቱ ፓተርኑን በስልክ ብትነግረው በደቂቃ ያልቃል። ያ ካልሆነ አካውንቱን በስልክ ቁጥሯ ታስመልስ። ኮዱ የሚገባው እሷ ጋ ባለው ሲም ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ስትሆን አትደውሉላት፣ ኮዱ ጊዜው ያልፍበታል። ፓስወርድ ከቀየረች ደግሞ 24 ሰዓት ጠብቁ። ወዲያው ከሞከራችሁ እንደገና ይዘጋባችኋል።

ከመጀመሪያው እንዳይመጣ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ የጎግል አካውንቱን አውጡ። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንጉንም አውጡ። ከዚያ እዚያው ከሴቲንግ ሪሴት አድርጉ። በቁልፍ አይደለም። በቁልፍ አይደለም!

"ባይፓስ እንሠራለን" የሚሉትን፣ ቁልፉን በጓሮ እናልፋለን ባዮችን፣ ተጠንቀቁ። ያልሆነ ፋይል ፍላሽ ተደርጎ (ሶፍትዌሩ ላይ ተጭኖ) አይኤምኢአዩ (የስልኩ መለያ ቁጥር) የጠፋበት፣ ኔትወርክ የማይዝ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ ካርቶንና ደረሰኝ ሳላይ እንዲህ ያለ ስልክ አልነካም። የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

አይፎን ላይ ይቀላል፤ ባለቤቱ ካለበት ሆኖ አይክላውድ (የአፕል አካውንቱ) ገብቶ ስልኩን ከአካውንቱ ያወጣዋል።

ሪሴት ተደርጎም ፎቶው ሰው እጅ ገባ

ሜሞሪ ካርዱ ውስጡ ቀርቷል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው የመጡ አንድ አባት "ልጄ፣ አጥፍተን ነው የሸጥነው፤ የሰርጉን ፎቶ ከየት አመጡት?" አሉኝ። "አባባ፣ ሜሞሪውን አውጥተዋል?" ስላቸው ዝም አሉ። ሪሴት የስልኩን ሆድ (የራሱን የውስጥ ማከማቻ) እንጂ ሜሞሪውን አያጸዳም። ሜሞሪው ላይ ዲሊት ብትሉትም በሪከቨሪ ፕሮግራም ይመለሳል። አውጡትና አስቀሩት፤ ዋጋው ከፎቶው አይበልጥም። ሲሙንም እዚያው አውጡ። ሜሞሪው እንደ ስልኩ ሆድ ሆኖ ፎርማት ከተደረገ ግን ከሪሴት በኋላ የትም አይነበብም፤ ፎቶውን ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ።

አሮጌው ላይ ያጠፋሁት ከአዲሱም ጠፋ

ጎግል ፎቶስ ባክአፕ እንደበራ አንድ በአንድ ስላጠፋችሁ ነው። ባክአፕ የሆነው ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ ቶሎ መልሱት። ሪሴት የምታደርጉትን ስልክ ፎቶ ለምን በእጅ ትለቅማላችሁ? አካውንቱን አውጡ፣ ሪሴት በሉ፣ በቃ።

ተቹ ሞቷል፣ ሴቲንግ መግባት አይቻልም

ርካሽ ስክሪን የተቀየረለት ስልክ ላይ ይበዛል። የኦቲጂ ገመድ (ማውስ ከስልክ ጋር የሚያገናኝ) እና የኮምፒውተር ማውስ ሰኩ፤ በማውሱ ፒን አስገብታችሁ ትሠራላችሁ። ፒናችሁን ለጠጋኝ አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን።

በጣም አሮጌ አንድሮይድ

ከአንድሮይድ 6 በታች ያሉት ብዙዎቹ ዳታውን ኢንክሪፕት ስለማያደርጉ (ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ስለማይቆልፉ) ከሪሴት በኋላም የሚመለስ ነገር አለ። ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ኢንክሪፕት አድርጉ፣ ከዚያ ሪሴት።

የመሥሪያ ቤት ታብሌት

ራሳችሁ ሪሴት አታድርጉ፤ ሲነሳ የድርጅቱ ንብረት ነው ብሎ ይቆለፋል። የራሳችሁን ጂሜይል አውጡ። ከቴሌግራም ደግሞ ሎግ አውት በሉ፤ አፑን መደበቅ ማውጣት አይደለም። ታብሌቱን ረስታችሁ ካስረከባችሁ በራሳችሁ ስልክ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ክፈቱና ታብሌቱን ከዝርዝሩ አስወጡት። ሪሴቱን የአይቲ ክፍሉ ያድርግ፣ ርክክቡንም ያኔ ፈርሙ።